ሳይለካ የኖረ ሙቀት፦ የናፍታ ሞተር ጭስ ከአሰብ እስከ ቦሌ

ከመገናኛ ተነሥቶ በቀለበት መንገድ ወደ ቦሌ ለሚያመራ መንገደኛ፣ ስሙን ከሆቴሉ የወረሰው የኢምፔሪያል ሰፈር የሁለት ዓይነት ሞተሮች ድምፅ የሚቀላቀልበት ስፍራ ነው። አንደኛው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ከቤት ጣራ በላይ የሚያልፈው የጄት ሞተር ነው። ሁለተኛው አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ ተሸክሞ በዝቅተኛ ማርሽ የሚያቃስተው የከባድ ጭነት መኪና ሞተር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በእግር የሚኬድ ነው። ይሁንና የመጀመሪያው ሞተር የሚያስወጣው ጋዝ ስንት ዲግሪ እንደ ደረሰ በየቅጽበቱ በአብራሪው ፊት ሲነበብ፣ የሁለተኛውን የጭስ ሙቀት ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ባለንብረቱም አያውቁትም።

ይህ ልዩነት የትናንት ወይም የዛሬ ብቻ አይደለም። ከባዱ የናፍታ መኪና ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። ለብዙ አገሮች ቀላል የሚባል ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ዋና ከተማው ለሚገባ ጭነት ግን ቀላል አልነበረም።

የመለኪያው ታሪክ ከሞተሩ ታሪክ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የተባለው የባልቲክ ጀርመን ተወላጅ በበርሊን ሁለት የተለያዩ ብረቶችን ጫፍ ለጫፍ አገናኝቶ አንደኛውን መጋጠሚያ ሲያሞቀው፣ በአጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ዞረ። ዜቤክ ራሱ ነገሩን የመግነጢስ ጠባይ አድርጎ ነበር የተረዳው፤ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደ ተፈጠረ የገባቸው ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ለ ሻተልየ ፕላቲኒየምንና ሮዲየምን ተጠቅሞ ይህንን ግኝት ለምድጃ ሙቀት ማስተማመኛ መለኪያ አደረገው። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ደግሞ አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ (ስሙ ከመኪናው ማርሽ ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው) የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ አውጥቶ ዋጋው ረከስ ያለ፣ እሳት የሚችል ሽቦ አስገኘ። ዛሬም በአብዛኛው ሞተር የጭስ ማውጫ ላይ የሚተከለው የሙቀት መለኪያ የዚያው ቤተሰብ ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ቮልት አንድ ሚሊዮንኛው 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ጭሱ 650 ዲግሪ ሲደርስ መለኪያው የሚያወጣው ከቮልት ሺህኛ 27 ያህል ነው። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ሁለት ሽቦና አንድ ስሱ ጠቋሚ ይበቁታል። ከባድ መኪና ላይ ሳይገባ የቀረው ውድ ወይም ረቂቅ ስለ ሆነ እንዳልነበር ከዚህ ይታያል።

ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በአውግስቡርግ ሠርቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሞተሩ በመጀመሪያ የገባው ወደ ፋብሪካና ወደ መርከብ ሲሆን፣ ወደ ጭነት መኪና የወረደው እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1924 ባለው ጊዜ በጀርመን ነበር። በመርከብ ሞተር ላይ የጭስ ሙቀት መለኪያ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ለየብቻው ይተከላል። የመርከቡ መካኒክ በየሰዓቱ እየዞረ ቁጥሩን በመዝገብ ይጽፋል፤ አንዱ ሲሊንደር ከጓደኞቹ በ40 ወይም በ50 ዲግሪ ከተለየ ነዳጅ ረጪው ወይም ቫልቮላው ችግር እንዳለበት ከመበላሸቱ በፊት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 በተቋቋመው የኢትዮጵያ የባሕር ማመላለሻ ድርጅት መርከቦች ላይ ያገለገሉ መሐንዲሶች ይህን ልማድ እንደ ዕለት እንጀራ ያውቁታል።

በአየርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከጦርነቱ በተረፉ ዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። በእነዚያ አውሮፕላኖች ላይ የነበሩት ባለ 14 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች የቴስታታቸውን ሙቀት በቴርሞካፕል እየለኩ ለአብራሪው ያሳውቁ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ቢ ጄቶች ሲገቡና አገልግሎቱ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር፣ መለኪያው ከቴስታታው ወደ ጭሱ ራሱ ተሻገረ። የጄት ሞተር ሲነሣ አብራሪው ዓይኑን ከማያነሣባቸው መለኪያዎች አንዱ የጭሱ ሙቀት ነው፤ ከተወሰነው ልክ ሊያልፍ ሲል ነዳጁ ይዘጋል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑና አየሩም የሳሳ በመሆኑ፣ በዚህ ማረፊያ የሚነሣ ሞተር ከጠረፍ ማረፊያዎች ይልቅ ለመጋል የቀረበ ነው። ስለዚህ በቦሌ የሚሠራ ቴክኒሻን ስለ ጭስ ሙቀት መጨነቅን የሚማረው ገና በልምምድ ዘመኑ ነው።

እንግዲህ ከአሰብ ወደብ ጭነቱን ያራገፈችው መርከብ የጭሷን ሙቀት ታውቃለች፤ ጭነቱ በሚደርስበት ከተማ የሚያርፈው አውሮፕላንም ያውቃል። በሁለቱ መካከል 880 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የጭነት መኪና ግን አያውቅም። ከሦስቱም ይልቅ መንገዱ የሚከብደው ደግሞ እርሱ ነው።

የናፍታ መኪና በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በወረራው ዘመን ነበር። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከብዙ የቤንዚን መኪናዎች ጋር ፊያት 634 ኤንና ላንቺያ ሮን የመሰሉ የናፍታ መኪናዎችንም ይዞ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው ፊያት 634 ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 8.3 ሊትር ሞተር ነበረው፤ በአገራችን «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ ከነጻነትም በኋላ ብዙ ዘመን ሠርቷል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የምትገኘው «ኤን» የተባለችው ፊደል «ናፍታ» ለሚለው የጣሊያንኛ ቃል የቆመች ናት። ያው ቃል ነው ዛሬ በየማደያው የምንጠራው። ወራሪው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲወጣ መኪናዎቹ፣ ጋራዦቹና የሞያው ቃላት ቀሩ። ቴስታታ፣ ፖምፓ፣ ቫልቮላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት ቃላት ከአማርኛ ጋር ተዋሕደው የሹፌርና የመካኒክ መግባቢያ ሆኑ። የጭስ ድምፅ ማፈኛው «ማርሚታ» ተባለ፤ በጣሊያንኛ ድስት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ብሎን ስም ያወጣው ይህ የሞያ ቋንቋ ለጭሱ ሙቀት ግን አንድም ቃል አላወጣም፤ ቃሉን የሚጠይቅ መሣሪያ በመኪናው ላይ አልነበረምና።

ቀጥሎ የመጣው በብዙዎች አእምሮ ሳይጠፋ የኖረው ፊያት 682 ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ወጣ፤ በኢትዮጵያ ጎዳና የነገሠው ሦስተኛው ዓይነት ሲሆን ሕዝቡ «ኤን ትሬ» ብሎ ሰየመው። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 10.7 ሊትር ያህል፣ ጉልበቱም 180 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። መሪው በቀኝ ነበር፤ የጣሊያን መኪና ሠሪዎች መሪውን በቀኝ ያቆዩት በተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ነው ይባላል፤ ጣርማበርን ያየ ሰው ምክንያቱን አይክደውም። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋቋመው አምቼ የፊያትን፣ ኋላም የኢቬኮን ከባድ መኪናዎች መገጣጠም ጀመረች። ኤን ትሬ ጠንካራ፣ ለጥገና የማያስቸግርና ዕድሜው ረጅም መኪና ነበር። ተርቦ ግን አልነበረውም፤ አየሩን የሚስበው በፒስቶኑ ጉልበት ብቻ ነበር። የጽሑፉ ዋና ነገርም እዚህ ላይ ነው።

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የአየሩን መግቢያ በመክፈትና በመዝጋት አይታዘዝም። አየሩን ሁልጊዜ የቻለውን ያህል ይስባል፤ ሹፌሩ በእግሩ የሚያዘው የናፍታውን መጠን ነው። ናፍታው በበዛ ቁጥር፣ ወይም አየሩ ባነሰ ቁጥር፣ ቃጠሎው ይዘገያል፤ ነበልባሉ ፒስቶኑን ገፍቶ ሥራ ከመሥራት ይልቅ ቫልቮላው ሲከፈት ገና እየነደደ ይወጣል። የጭሱ ሙቀት የሚያሳየው ይህንን ነው፦ ነዳጁ ወደ ጉልበት በመለወጥ ፈንታ ምን ያህሉ እንደ እሳት እንደ ወጣ። አንድ ኪሎ ናፍታ ሙሉ በሙሉ ለመንደድ 14.5 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ሠሪዎቹ ግን በሙሉ ጭነት ጊዜ እንኳ አየሩ 20 ኪሎ ያህል እንዲሆን ያደርጉታል፤ ከዚያ ባነሰ ጥቁር ጭስ ይጀምራል።

የሠሪው ልክ የሚወጣው በባሕር ወለል፣ በመጠነኛ ሙቀት ነው። በ15 ዲግሪ የባሕር ወለል አየር በአንድ ሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ይመዝናል። የአሰብን መንገድ በዚህ ሚዛን ብንከተለው የሚከተለውን እናገኛለን። በጠረፉ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ገና ሳይወጣ ከልኩ ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ያጣል። 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዋሽ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ የሚጎድለው 18 በመቶ ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ በቀዝቃዛ ጧት እንኳ ሩብ ያህሉ የለም። ጣርማበር ላይ፣ በ10 ዲግሪ ብርድ፣ ከአየሩ ሠላሳ በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። ከዚህ እንደሚታየው ሹፌሩ በጉዞው ሁሉ አንድም ቀን ሠሪው ያሰበለትን አየር አያገኝም፤ ቆላው በሙቀት፣ ደጋው በከፍታ ይቀንሱበታል። በጠረፍ 20 ኪሎ አየር ይደርሰው ለነበረ አንድ ኪሎ ናፍታ ጣርማበር ላይ የሚደርሰው 14 ኪሎ ያህል ነው። ይህ ደግሞ ለመንደድ ብቻ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው።

በአዋሽ ሸለቆ የሚሄደው መንገድ ተሠርቶ ሳያሳጥረው በፊት፣ የአሰብ ጭነት በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አልፎ በሸዋ ሮቢት በኩል ነበር የሚመጣው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ዋሻ ባለው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ መኪናው ከ1,500 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል። ተሳቢ የጎተተ ኤን ትሬ ይህንን ዳገት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ፣ ሰዓታት ይፈጅበት ነበር። ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ ለሰዓታት፣ በየሜትሩ በሚሳሳ አየር ውስጥ፣ ፍጥነቱ ባነሰ ነፋስ ሊያበርደው በማይችልበት ሁኔታ ይሠራል። የሙቀት መለኪያ ሠሪ ለመሣሪያው መፈተኛ ቦታ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ አያገኝም ነበር።

በሹፌሩ ፊት የነበሩት መለኪያዎች የዘይት ግፊት፣ የፍሬን አየርና የውኃ ሙቀት ናቸው። የውኃው ሙቀት መለኪያ በዚህ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። አንደኛ፣ የጭሱ ሙቀት በሰከንዶች ውስጥ በመቶና በሁለት መቶ ዲግሪ ሲዘል ውኃው የሚነግረው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ብረቱ፣ ዘይቱና የራዲያተሩ ውኃ በሙሉ መጋል አለባቸውና። ሁለተኛ፣ ግፊት በማይዝ ራዲያተር ውስጥ ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ያህል፣ ጣርማበር ላይም በ90 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ሹፌሩ ራዲያተሩ ሲፈላ እያየ ሞተሩ ነደደ ብሎ ይቆማል፤ ረዳቱ ጀሪካኑን ይዞ ይወርዳል፤ ውኃ ይጨመራል፤ ፒስቶኑን የሚበላው ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው። በአንጻሩ ውኃው በደህና ቀን ሳይፈላ፣ መርፌውም በቦታው ሳለ፣ ፒስቶኑ ሊቀልጥ ይችላል።

ታዲያ የድሮዎቹ ሹፌሮች በምን ያውቁ ነበር? በጭሱ ቀለም፣ በሞተሩ ድምፅና በሽታ ነው። ጥሩ ሹፌር በመስተዋቱ ጭሱን እያየ ከግራጫ ወደ ጥቁር ሲለወጥ እግሩን ያነሣል፤ ማርሹን አንድ ዝቅ አድርጎ ሞተሩን ያፈጥነዋል። ማርሽ መቀነስ ማለት ለያንዳንዱ የናፍታ ጠብታ ተጨማሪ አየር ማስገኘት ማለት ስለ ሆነ የጭሱ ሙቀት ይወርዳል። የምሕንድስና መጽሐፍ ያላነበበ ሰው በልምድ ከትክክለኛው መልስ መድረሱን ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ ሌሊት ጭስ አይታይም፤ ተሳቢም ኋላውን ይጋርዳል። ቆላውን በቀን ሐሩር ላለማለፍ ሲባል ደግሞ ጉዞው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነበር።

ከዚህ የባሰው የፖምፓው ነገር ነው። የናፍታ ፖምፓ ከፍተኛውን የነዳጅ መጠን የሚወስን ብሎን አለው፤ ብሎኑም ማንም እንዳይነካው በእርሳስ ታሽጎ ይመጣል። መኪናው አዲስ አበባ ደርሶ ጉልበት ሲያንሰው ባለንብረቱም ሹፌሩም የሚያስቡት ነገር አንድ ነው፤ ማኅተሙ ተቆርጦ ብሎኑ ይፈታል፣ ናፍታ ይጨመራል። ለሰሚው ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በደጋ የጎደለው አየር ነው እንጂ ናፍታ አይደለም። ሠሪዎቹ ለከፍታ የሚያዝዙት ተቃራኒውን ነው፤ አየሩ ባነሰ መጠን ናፍታውም ይቀነስ ይላሉ። የተጨመረው ናፍታ ጥቂት ጉልበት፣ ብዙ ጥላሸትና ብዙ ሙቀት ይሰጣል። መኪናው ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ አየር ያገኝና ተጨማሪው ናፍታ በእርግጥ ጉልበት ይሆናል፤ ሹፌሩ በዚህ ደስ ብሎት ብሎኑን እንደ በጎ ነገር ይቆጥረዋል። ሲመለስ ዳገቱ ይጠብቀዋል።

ፒሮሜትር ቢኖር ኖሮ ይህ ክርክር በአንድ ጉዞ ያልቅ ነበር። በሌለበት ግን የሚፈርደው ቴስታታው ሲነሣ የሚታየው ነው። ጠርዙ የተበላ ፒስቶን፣ የተጣበቀ ፋሻ፣ የተቃጠለ የጭስ ቫልቮላ፣ ከመሐል የተሰነጠቀ ቴስታታ በየጋራዡ የታወቁ ናቸው። የፒስቶን ቅይጥ አሉሚኒየም ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ቅይጡ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ይልማል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ነበልባል ከ2,000 ዲግሪ ስለሚያልፍ ፒስቶኑን የሚያድነው ዘይቱ፣ የሚገባው አየርና የነበልባሉ አጭር ዕድሜ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቀሪዎቹ አይበቁም። መካኒኩ ጥፋቱን ለዘይቱ፣ ለመለዋወጫው ወይም ለሹፌሩ ይሰጠዋል፤ ሹፌሩም በደመወዙ ይከፍላል። በቁጥር የተመዘገበ ነገር ስለሌለ እውነተኛው ጥፋተኛ አይታወቅም። በዚህ ረገድ ብዙ ሹፌሮች ያለ ማስረጃ እንደ ተፈረደባቸው መገመት አያስቸግርም።

ነገሩ የባለንብረቶች ኪሣራ ብቻ እንዳልነበረ በ1977 ዓ.ም. የድርቅና የረሀብ ጊዜ ታይቷል። የእርዳታ እህል በአሰብ ወደብ ተከምሮ መኪና ሲጠብቅ፣ ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው ይሞት ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ የመንግሥት ትራንስፖርት ድርጅቶችና የግል መኪናዎች በሙሉ ዘመቱ፤ በ1978 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የራሱን የጭነት መኪና ጓድ እስከ ማሰማራት ደረሰ። ከፊያት ሌላ የሶቪየት ኅብረት ካማዝ፣ የምሥራቅ ጀርመን ኢፋና የምዕራብ አውሮፓ መኪናዎች በአንድ ዳገት ተሰለፉ። በዚያ ጊዜ የማጓጓዝ ችግር ሲነሣ በብዛት የተወራው ስለ ጎማ፣ ስለ መለዋወጫና ስለ ጸጥታ ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ዳገት ላይ ፒስቶኑ የተበላ መኪና ግን እንደ ማንኛውም መለዋወጫ እንዳጣ መኪና ነው የሚቆጠረው። መለዋወጫውን ያስፈለገው ሙቀት በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

ተርቦ የተባለው መሣሪያ ሁኔታውን ለወጠው፤ አንድ ችግር አቃሎ ሌላ አመጣ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ሐሳቡን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር፤ የሚወጣው ጭስ ተሽከርካሪ ጎማ ያዞራል፣ ጎማውም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ነፊ እየነዳ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ሞተሮች ተሳካ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የስዊሱ ዛውረር በጭነት መኪና ላይ አዋለው፤ ቮልቮም እ.ኤ.አ. በ1954 ተከተለ። ለደጋ አገር ይህ ትልቅ ፀጋ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጭሱን ከውጭ የሚመክተው ግፊት ስለሚቀንስ ጎማው ይፈጥናል፤ ስለዚህ ተርቦ ያለው ሞተር በከፍታ የሚያጣው ጉልበት ከኤን ትሬ እጅግ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ያ ጎማ የሚሽከረከረው በጭሱ መሐል ነው። ቀይ የጋለ ጋዝ እየመታው በደቂቃ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ ይዞራል። በኒኬል ቅይጥ ቢሠራም ልክ አለው፤ የሚያቅፈው ቤት የብረት ቀረጻ ነው፣ ይሰነጠቃል።

የጭስ ሙቀት መለኪያ በከባድ መኪና ላይ የተለመደው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይልቁንም በሰሜን አሜሪካ፣ ረጅም ተራራ በሚያቋርጡ መኪናዎች ላይ ፒሮሜትር በሹፌሩ ፊት መታየት ጀመረ። ከተርቦው በፊት ሲለካ 700 ዲግሪ ያህል የተለመደ የመጨረሻ ልክ ነው፤ ከተርቦው በኋላ ሲለካ ጋዙ ሥራ ሠርቶ ስለሚወጣ በሙሉ ጭነት ከመቶ ዲግሪ በላይ ዝቅ ሊል ይችላል። የትኛው ቦታ ይሻላል የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። ከተርቦ በፊት የተተከለው እውነቱን ይናገራል፤ ነገር ግን ጫፉ ቢሰበር ስባሪው ጎማውን ይመታል። ከተርቦ በኋላ ያለው ለጎማው አያሰጋም፤ ነገር ግን የሚሰጠው ቁጥር በጭነቱና በፍጥነቱ ስለሚለዋወጥ ሹፌሩ በግምት መተርጎም አለበት። መለኪያው ከጫፉ እንዳይሰበር በጥራት ከተሠራ የመጀመሪያው ይመረጣል ማለት የሚያስደፍር ይመስላል፤ የሚጠበቀው ነገር ካለበት ቦታ ርቆ መለካት ፋይዳው ትንሽ ነውና።

ወደ ኢትዮጵያ የገቡት አብዛኞቹ የአውሮፓ መኪናዎች ተርቦውን ይዘው ሲመጡ ፒሮሜትሩን ይዘው አልመጡም። ሠሪዎቹ የሚያስቡት የጠረፍና የሜዳ አገርን ነው፤ ከፍታ ቢኖርም ለጥቂት ደቂቃ የሚሻገሩት ጫፍ እንጂ የሚኖሩበት አገር አይደለም። ከአሜሪካው ልማድ ወደኛ የደረሰው አንዱ ትምህርት ሞተሩ ከዳገት በኋላ ወዲያው እንዳይጠፋ የሚለው ነው። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በዝግታ ሲሠራ ጎማው ይቀዘቅዛል፤ ወዲያው ከጠፋ ግን በተርቦው ውስጥ የቆመው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፣ መጋጠሚያውንም ይበላል። ሹፌሮች ይህን «ተርቦው ይረፍ» ብለው ያደርጉታል። ለምን ሦስት ደቂቃ እንደ ሆነ፣ መቼ አንድ ደቂቃ እንደሚበቃ፣ መቼ አሥር እንደሚያስፈልግ የሚነግራቸው መሣሪያ ግን የለም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በገላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ የሚመጣው ይህ መንገድ የጣርማበር ዳገት የለውም፤ ነገር ግን የአፋር ሐሩር አለው፣ ከአዋሽ እስከ አዲስ አበባም ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በእነዚያ ዓመታት የከተማው ግንባታ ሲስፋፋ ደግሞ የቻይና ሠራሽ መኪናዎች ገቡ። በኢምፔሪያል በኩል አሸዋ ሲያመላልሱ የሚታዩት ሲኖትራኮች ብዙዎቹ 9.7 ሊትር ያህል የሆነ፣ ከኦስትሪያው ስታየር በፈቃድ የተወረሰ፣ ባለ ተርቦ ሞተር የያዙ ናቸው። ፖምፓቸው የድሮው ዓይነት፣ ብሎን ያለው ነው። ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት በፊት በኤን ትሬ ላይ የተነሣው የፖምፓ ጥያቄ እንዳለ ወደ እነርሱ ተላለፈ፤ ልዩነቱ አሁን ከፒስቶኑ በፊት የሚጎዳው ተርቦው መሆኑ ነው። የጭሱን ሙቀት የሚናገር መለኪያ እነርሱም የላቸውም።

ቅርብ ጊዜ የተሠሩት፣ የአውሮፓን የጭስ ንጽሕና ሕግ የሚያሟሉት መኪናዎች ግን ሌላ ናቸው። ጥላሸቱን የሚያጣራውና ጎጂ ጋዙን የሚያመክነው መሣሪያ የሚሠራው በተወሰነ ሙቀት ብቻ ስለ ሆነ፣ በጭስ ማውጫቸው ላይ አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስትና አራት የሙቀት መለኪያ ይተከላል። ኮምፒዩተሩ ልኬቱን በየቅጽበቱ ይቀበላል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ናፍታውን ራሱ ይቀንሳል። በብሎን የሚጨመር ነገር የለም። ይህ ከመቶ ዓመት በኋላ የመርከቡን ልማድ ወደ መኪናው አመጣው ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የመርከቡ መካኒክ ቁጥሩን በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። በአዲሱ መኪና ቁጥሩ የሚነበበው የሠሪው ኮምፒዩተር ባለበት ጋራዥ ነው። ዳገት ላይ ላለው ሹፌር የሚደርሰው ቢጫ መብራትና በድንገት የሚቀንስ ጉልበት ነው፤ ይህም ሲሆን መኪናው ተበላሽቷል ብሎ ያቆመዋል።

የቆዩትን መኪናዎች በተመለከተ ሥራው ውስብስብ አይደለም። የጭስ ማሰባሰቢያው ይፈታል፤ ከተርቦው በፊት፣ የሲሊንደሮቹ ጭስ በሚገናኝበት ቦታ አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ ወደ ተርቦው እንዳይገባ ብናኙ በጥንቃቄ ይወገዳል፤ ጥርስ ወጥቶለት መለኪያው ይታሰራል። ሽቦው ከዚያው ቅይጥ የተሠራ መሆን አለበት፤ በመሐል ተራ የመዳብ ሽቦ የተቀጠለ እንደ ሆነ መጋጠሚያው ራሱ ሌላ ቴርሞካፕል ይሆንና ቁጥሩ ይዛባል። ይህ ጥንቃቄ ከኢምፔሪያል ወዲያ፣ በቦሌ አጥር ውስጥ ለሚሠራ የአውሮፕላን ቴክኒሻን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው።